የቀዶ ሐኪሙ መዝገብ፤ ወይም በሽታውን የደበቀ ማነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት ዘወትር የሚነገረው ለበሽተኛ ነው፤ አፍሮ ቁስሉን የሸፈነውን፣ ፈርቶ ሐኪም ዘንድ ያልቀረበውን ለመገሠጽ። እስቲ እኛ ተረቱን ገልብጠን እንጠይቅ። በሽታውን የደበቀው ሐኪሙ ቢሆንስ? ሕመሙ በበሽተኛው ሆድ ሳይሆን በሐኪም ቤቱ አሠራር ውስጥ ቢሆንስ? ማን ይገሥጸዋል? መድኃኒቱንስ ማን ያዝለታል?

«የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ኦፕራሲዮን ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። አገባን! ቢላዋው የሐኪሙ ነው፤ ሆዱ ግን የሁላችንም ነው። ደግሞም ነገሩ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የታሪክ ጉዳይ ነው። ሰው የገዛ ስሕተቱን በገዛ እጁ መዝግቦ ለሌላ ማሳየትን መቼ ተማረ? ያሳየውስ ምን ደረሰበት? በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለማየት እንሞክራለን።

መዝገቡ ዛሬ «ክሊኒካል ኦዲት» ይባላል። ኦዲት ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን የካዝናና የደረሰኝ ነገር ነው፤ «ኦዲተር መጣ» ሲሉት የገንዘብ ያዡ ፊት የሚለዋወጠው። የቃሉ ሥር ግን ላቲን ነው፤ ትርጉሙም «መስማት» ነው። ድሮ ሂሳብ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚያዳምጥ ሰው ስለነበረ ነው። በቀዶ ሕክምና በኩል አሠራሩ ለመናገር ቀላል ነው። በመጀመሪያ መልካም ሥራ ምን እንደሆነ ይወሰናል። ቀጥሎ በእርግጥ የተሠራው ይቈጠራል። ሁለቱ ይነጻጸራሉ፤ ጉድለቱ ይታረማል። ከዚያም እንደገና ይቈጠራል። ይህቺ የመጨረሻዋ «እንደገና» ከሌለች ኦዲት የለም፤ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

፩. ፋኖሷና መዝገቧ

በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1854 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነርሶቿን አስከትላ እስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ደረሰች። ብዙዎቻችን የምናውቃት ፋኖስ ይዛ በሌሊት በቁስለኞች መካከል ስትዘዋወር ነው። የፋኖሷን ያህል ግን መዝገቧም ሊወሳ ይገባዋል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ቁጥሩን ሰብስባ ስትመረምር፣ አብዛኛውን ወታደር የጨረሰው የጠላት ጥይት ሳይሆን በሽታ መሆኑን አየች። ያውም የሆስፒታሉ ቆሻሻና የታፈገ ክፍል ያባባሰው በሽታ። ይህን መረዳት ለእርሷ ቀላል አልነበረም፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ያለፉት በእርሷ እጅ ነውና። ቢሆንም አልደበቀችውም። በ1858 በቀለም በተከፋፈለ ክብ ሥዕል አድርጋ ለባለሥልጣኖች አቀረበችው። በኋላም ሆስፒታሎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘግቡ ወተወተች።

ይሁን እንጂ የናይቲንጌል ቁጥር የሚያሳየው የቤቱን ጉድለት ነው። የአንድን ቀዶ ሐኪም እጅ ለይቶ አያሳይም። ይህንን ለማድረግ ሌላ ዓይነት ድፍረት፣ ምናልባትም ትንሽ እብደት ያስፈልግ ነበር።

፪. ኮድማን

ኤርነስት አሞሪ ኮድማን በ1869 ቦስተን ከተማ ተወለደ። በሃርቫርድ ተምሮ በ1895 በሕክምና ተመረቀ። የነገሩ መነሻ ግን ገና ተማሪ ሳለ የሆነ ነው። በዚያን ዘመን ለበሽተኛው የማደንዘዣ ኤተር የሚሰጡት ተማሪዎች ነበሩ፤ ያውም ያለ በቂ ሥልጠና። የክፍል ጓደኛው ሃርቪ ኩሺንግ፣ በኋላ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ስሙ ዓለምን ያዳረሰው ሰው፣ አንድ ቀን ኤተር እየሰጠ ሳለ በሽተኛው ሞተበት። ኩሺንግ ትምህርቱን እስከ መተው አስቦ ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ግን ከማዘን ያለፈ ነገር አደረጉ። ከእኛ ማን የተሻለ ኤተር ይሰጣል? ብለው በእራት ተወራረዱ። ዳኛው ወረቀት ሆነ። ኦፕራሲዮኑ ሲካሄድ የበሽተኛውን የልብ ምትና እስትንፋስ በየጊዜው በሠንጠረዥ ላይ ያሰፍሩ ጀመር። በ1894 የተጀመረው ይህ ወረቀት ዛሬ በየኦፕራሲዮን ክፍሉ የሚሞላው የማደንዘዣ ቅጽ አባት ነው። ልብ እንበል፤ ያመጡት ፕሮፌሰሮች አይደሉም። የእኛ ዕድሜ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ናቸው።

ኮድማን በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ከሆነ በኋላ፣ ከ1900 ገደማ ጀምሮ አንድ ሐሳብ ያዘውና እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። «የመጨረሻ ውጤት» ብሎ ጠራው። ሐሳቡ ሕፃን እንኳ የሚገባው ነው። ሆስፒታል ያከመውን ሰው ሁሉ መዳኑ እስኪታወቅ ድረስ ይከታተል፤ ካልዳነ ደግሞ ለምን እንዳልዳነ ይጠይቅ። ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንዲት ካርድ ትኑረው። ምን አመመኝ ብሎ መጣ? ሐኪሙ ምን ነው አለ? ምን አደረገለት? ምን ችግር ገጠመ? ከዓመት በኋላስ ሰውየው እንዴት ነው? በቃ ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ምን ያስቆጣል? የዚያን ጊዜ ሆስፒታሎች ስንት ሰው ተኛ፣ ስንት ሰው ወጣ፣ ስንት ገንዘብ ወጪ ሆነ ብለው በየዓመቱ ዘገባ ያወጡ ነበር። በሽተኛው በሩን አልፎ በእግሩ ከሄደ እንደዳነ ይታሰባል። ዳነ ወይስ አልዳነም፣ ማን በነካው እጅ ዳነ፣ ማን በነካው ተጎዳ የሚል ጥያቄ ግን ነውር ነበር። ምክንያቱም ሐኪም የሚሾመው በቆይታ ነው፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይሾማል። ካርዷ ይህን ሥርዓት ከሥሩ ትነቀንቃለች። ሽበት ያለው ፕሮፌሰርና ትናንት የመጣው ሐኪም በካርዷ ፊት እኩል ናቸው።

ኮድማን በ1911 የራሱን ትንሽ ሆስፒታል ከፈተ። እስከ 1916 ድረስ ታክመው የወጡት በሽተኞች 337 ነበሩ፤ በእነዚህም ላይ 123 ስሕተቶችን መዝግቦ በገዛ ገንዘቡ አሳተመ። ስሕተቶቹን በዓይነት በዓይነታቸው ለያቸው። የእውቀት ወይም የእጅ ሙያ ማነስ፣ የማመዛዘን ጉድለት፣ የጥንቃቄ ወይም የመሣሪያ ጉድለት፣ በሽታውን ለይቶ አለማወቅ። ሰው ሊቆጣጠረው የማይችለውን መዓት ደግሞ ለብቻው አስቀመጠ። ይህ መለየት ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር ሰው በኦፕራሲዮን ሲሞት «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ለኀዘንተኛ መጽናኛ ሊሆን ይችላል። ለሐኪም ግን መሸሸጊያ ነው። ኮድማን «ቀኑ ደርሶ ነው» ከምንለው ውስጥ የትኛው በእርግጥ የቀኑ፣ የትኛው ደግሞ የእጁ እንደሆነ ለመለየት ወረቀት ዘረጋ።

በ1914 ከትልቁ ሆስፒታል ሥራውን በተቃውሞ ለቀቀ። ወዲያውም የቀዶ ሕክምናው የበላይ አድርጋችሁ ሹሙኝ ብሎ አመለከተ። ምክንያቱ ባለፉት 10 ዓመታት ያከምኋቸው በሽተኞች ውጤት ከሌሎቹ ሐኪሞች ይበልጣል የሚል ነበር። ቀልድ ይመስላል። ግን ሆስፒታሉ «ውሸትህን ነው» ሊለው እንዴት ይችላል? ቈጥሮ አያውቅማ!

በጃንዋሪ 6 ቀን 1915 የከተማይቱ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት፣ ከንቲባው ሳይቀር በተገኘበት፣ ኮድማን አንድ ትልቅ የፌዝ ሥዕል ገለጠ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሰጎን ራሷን ቀብራ የወርቅ እንቁላል ትጥላለች። ሰጎኗ የባለጸጎቹ ሰፈር ነዋሪ ናት። እንቁላሉን የሚለቅሙት ስመ ጥር ሐኪሞች ናቸው። የሆስፒታሉ ባላደራዎችና የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ደግሞ፣ ሰጎኗ ቀና ብላ እውነቱን ብታይ እንቁላሏን መጣሏን ትቀጥል ይሆን? እያሉ ያስባሉ። አዳራሹ በቁጣ ተናወጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በእኛ አገር የሰጎን እንቁላል በቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ላይ ይቀመጣል። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ ላይ አትነቅልም፤ ከነቀለች ይበላሻል ስለሚባል የንቃት ምልክት ናት። ፈረንጆቹ ደግሞ ራሷን ቀብራ አላየሁም የምትል አድርገዋታል። ወፏ አንድ ናት፤ ሥዕሉ ሁለት። የዚህ ጽሑፍ ነገርም እንዲሁ ነው። መዝገብ ዓይንን ላለመንቀል ሊያዝ ይችላል፤ ራስን ለመቅበርም ሊያዝ ይችላል።

ኮድማን የስብሰባው ሊቀመንበርነቱን እንዲለቅ ተደረገ። የሃርቫርድ መምህርነቱንም አጣ፤ ብዙ ጓደኞቹ ራቁት፤ ሆስፒታሉም ተዘጋ። እርሱ ግን በ1920 በአገሪቱ ያሉ ሐኪሞች የአጥንት ነቀርሳ በሽተኞቻቸውን ታሪክ የሚልኩበት መዝገብ አቋቋመ። በ1940 ሲሞት በመቃብሩ ላይ ስሙን የሚናገር ድንጋይ አልነበረም። የሐኪሞች ማኅበራት ድንጋዩን ያቆሙለት በ2014 ነው። ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

፫. የተቃጠለው ዝርዝር

ሐሳቡ ግን ከሰውየው ቀድሞ ሄዶ ነበር። በ1913 የተመሠረተው የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የሆስፒታሎችን ደረጃ የሚያጠና ኮሚቴ ሲያቋቁም ሊቀመንበሩ ኮድማን ነበር። ኮሌጁ በ1918 መቶና ከመቶ በላይ አልጋ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች አስመረመረ። የተጠየቀው ብዙ አልነበረም። ለእያንዳንዱ በሽተኛ የተሟላ መዝገብ ይኑር፤ ሐኪሞቹ ቢያንስ በወር አንዴ ተሰብስበው ሥራቸውን ይመርምሩ፤ ላቦራቶሪና ራጅ ይኑር የመሳሰለ ነው። በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነገር። ያለፉት ሆስፒታሎች 89 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከወደቁት መካከል በስም የገነኑ ነበሩባቸው።

በ1919 ውጤቱ ኒውዮርክ በተደረገው ስብሰባ ሲቀርብ ቁጥሩ ተነገረ። ስሞቹ ግን ጋዜጠኛ እጅ እንዳይገቡ ተብሎ ዝርዝሩ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስናነብ «ፈሪዎች!» ብለን ነበር። ሁለተኛ ስናስበው ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል የሚፈታ አልሆነም። ስሙ ቢወጣ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡን ለመርማሪ የሚከፍት ሆስፒታል ይገኝ ነበር? ኮሌጁ ዝርዝሩን አቃጥሎ መለኪያውን አተረፈ። ከዓመት ዓመት ደረጃውን የሚያሟሉ ሆስፒታሎች እየበዙ ሄዱ። በ1951 ከዚያ ሥራ የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው የጋራ ኮሚሽን ተወለደ። በሌላ በኩል ግን በ1919 ከወደቁት ሆስፒታሎች በአንዱ ሆዱን ሊያስቀድድ የገባው ሠራተኛ ምንም አላወቀም። ቅራኔው እዚህ ላይ ነው። ስም ከተገለጠ ሰው ስሕተቱን ይደብቃል፤ ስም ከተደበቀ በሽተኛው ይከፍላል። የኦዲት ታሪክ ከዚያ ወዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚደረግ ግፊያ ነው።

፬. ቁጥር ሞልቶ፣ ሰሚ ጠፍቶ

በእንግሊዝ አገር ቀዶ ሐኪሞችና የማደንዘዣ ሐኪሞች አንድ ላይ ሆነው የመጀመሪያውን መንገድ ሞከሩ። በሦስት የአገሪቱ ክልሎች ከኦፕራሲዮን በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱትን ሰዎች ታሪክ መረመሩ። የሐኪሙ ስም ምስጢር ነው፤ ተሳትፎውም በፈቃድ ነው። በ1987 የወጣው ዘገባ ከብዙ በጎ ነገር ጋር አንድ መራራ እውነት ይዞ መጣ። በሌሊት ከባድ ኦፕራሲዮን ጀማሪ ሐኪሞች ያለ አለቃ ሲሠሩ ይገኛሉ። ማንም በስሙ አልተወገዘም፤ አሠራሩ ግን መለወጥ ጀመረ። ዛሬም በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ለድንገተኛ በሽተኛ የተለየው የኦፕራሲዮን ክፍል በዚያ ጥናት ስም «ሴፖድ» ይባላል። ምስጢር አንዳንዴ ይሠራል ማለት ነው።

በ1989 የእንግሊዝ መንግሥት ኦዲትን የሐኪሞች ሁሉ ተግባር እንዲሆን አወጀ። እንግዲህ ነገሩ ተሟላ የምንል ከሆነ ብሪስቶልን እንይ።

በብሪስቶል ሮያል ኢንፈርመሪ የሕፃናት የልብ ኦፕራሲዮን ይደረግ ነበር። በ1988 ስቲቨን ቦልሲን የሚባል ወጣት የማደንዘዣ ሐኪም ወደዚያ ተቀጠረ። ኦፕራሲዮኖቹ ሌላ ቦታ ካየው የበለጠ ረጅም ሰዓት ይወስዳሉ፤ የሚሞቱትም ሕፃናት በዙበት። በ1990 ለሆስፒታሉ የበላይ ደብዳቤ ጻፈ። የጠበቀው ምስጋና ሳይሆን ግሣጼ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ራሱ ይቈጥር ጀመር። ኦፕራሲዮኑ ግን እስከ 1995 ቀጠለ። ቦልሲንም በ1996 አገሩን ለቆ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በ1998 ሁለት ሐኪሞች ከሙያው መዝገብ ተሰረዙ፤ ከሁለቱ አንዱ ቢላዋ ያልያዘው የሆስፒታሉ የበላይ ነበር። በ2001 በኢያን ኬኔዲ የተመራው የሕዝብ ምርመራ ዘገባውን አወጣ። ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል፣ በሌላ ተመሳሳይ ሆስፒታል ሊሞቱ ከሚችሉት በላይ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ ሞተዋል።

ከዚህ ዘገባ ሁሉ እኛን ያስደነገጠን አንድ ነገር ነው። ቁጥር አልጠፋም ነበር! ሆስፒታሉ በመረጃ የተጥለቀለቀ ነበር። ስብሰባው አለ፤ ፋይሉ አለ፤ ኦዲቱም አለ። ያልነበረው ሰሚ ነው። ጥቂት ትልልቅ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተጠባብቀው፣ የበታቹ አፉን ቢከፍት ኑሮው የሚበላሽበት ቤት ነበር። ኦዲት መስማት ነው ብለን ጀምረን የለ? ብሪስቶል የቈጠረ፣ ነገር ግን ያልሰማ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ የልብ ቀዶ ሐኪሞች ውጤት በየስማቸው ለሕዝብ መውጣት ጀመረ። የኮድማን ካርድ ከቦስተን ተነሥታ እንግሊዝ ለመድረስ ወደ 100 ዓመት ፈጀባት።

፭. ወደ ቤታችን

«ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው፤ ጓንትና ጋዝ የሚያልቅበት ሐኪም ካርድ ይሙላ ትላላችሁ?» የሚል ጓደኛ አለን። የሕክምና ተማሪ ነው፤ የሚናገረውን ያውቃል። የሚቀርበን መልስ ግን ከዚሁ ከአገራችን የተገኘ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2016 ጀምሮ ለቀዶ ሕክምና አገር አቀፍ ዕቅድ አውጥቷል። ላይፍቦክስ ከሚባለው ድርጅት ጋር ደግሞ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አንድ ሥራ ተሞክሯል። አዲስ ሕንፃ አልተሠራም። እጅና ቆዳ በትክክል ታጥቧል ወይ? የኦፕራሲዮኑ ጨርቅ ቀዳዳ የለውም ወይ? መሣሪያው በእርግጥ ተቀቅሏል ወይ? የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጥቷል ወይ? የገባው ጋዝ ሁሉ ተቈጥሮ ወጥቷል ወይ? እነዚህንና የመሳሰሉትን መዘገቡ፤ ጉድለቱን ለሠራተኞቹ አሳዩ፤ አሠራሩን አረሙ፤ እንደገና መዘገቡ። በ2021 የታተመው ውጤት የኦፕራሲዮን ቁስል የማመርቀዝ አደጋ በሦስተኛ ያህል እንደቀነሰ ያሳያል። ስለዚህ ድህነት ለመቈጠር ምክንያት እንጂ ላለመቈጠር ምክንያት አይሆንም። ጋዙ ትንሽ ከሆነ እያንዳንዱን መቁጠር ይበልጥ ግድ ነው።

የሚከብደው የኮድማን የመጨረሻ ጥያቄ ነው፤ ከዓመት በኋላስ ሰውየው እንዴት ነው? ከጋሞ ተራራ ወይም ከጋይንት ወርዶ ታክሞ የተመለሰ ገበሬ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ለማን ይናገራል? በሐኪም ቤቱ መዝገብ «ድኖ ወጣ» ተብሎ ተዘግቷል። ዛሬ ግን በየቀበሌው ስልክ አለ። አንድ ጊዜ ደውሎ «እንደምን ከረሙ አባባ፣ ቁስሉ ደረቀልዎ?» ማለት የሚጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ ፈቃድ ነው።

ያ ጓደኛችን አንድ ምሽት ያጫወተን ነገር አለ። ስሙን በማንጠራው ሆስፒታል በኦፕራሲዮን የሞቱ ሰዎች ጉዳይ የሚታይበት የጠዋት ስብሰባ አለ። ትልልቆቹ ከፊት ይቀመጣሉ። «ሌሊቱን ተረኛ ማን ነበር?» ይባላል። ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ይነሣል። ወቀሳው በእርሱ ላይ ይዘንባል፤ እርሱም «ይቅርታ» ብሎ ይቀመጣል። ሌሊቱን የተጠራው አለቃ ለምን አልመጣም? ደሙ ለምን ዘገየ? የሚል ግን የለም። «እኔስ አልጠየቅሁም» አለን አንገቱን ደፍቶ። «ገና ፈተና አለብኝ።»

በዚህ ላይ የምንፈርድበት አይደለንም። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በዩኒቨርሲቲ የነበሩ ታላላቆቻችን «ሂስና ግለሂስ» የሚል ቃል ነበራቸው። ቃሉ ያምራል፤ ሰው ጉድለቱን በጓዶቹ ፊት ይናገር፣ ይታረም ነበር የሚለው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ታናሹ ራሱን የሚከስበት፣ ታላቁ የሚፈርድበት ሥነ ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ታሪክና ከኮድማን ታሪክ አንድ ላይ የምንማረው ይህ ነው። ሂስ እውነተኛ የሚሆነው ከላይ ሲጀምር ነው። ኮድማን 123ቱን ስሕተቶች ሲጽፍ የተረኛ ተማሪውን ስሕተት አልነበረም የጻፈው፤ የገዛ ሆስፒታሉን፣ ከሁሉም በፊት የራሱን ነው። በብሪስቶልም የጎደለው ሌላ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ነገ ሐኪም ለምትሆኑት ጓደኞቻችን የምንለው አጭር ነው። ቁጠሩ። የራሳችሁን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። አርማችሁ ደግሞ እንደገና ቁጠሩ። ከእናንተ የሚያንሰው ሲናገር ስሙት፤ አንድ ቀን ሽበት ስታወጡ ይህን እንዳትረሱ። ሐኪም የማንሆነው ደግሞ ልንተኛበት ስንሄድ «ዶክተር፣ ይህን ኦፕራሲዮን ያደረጉላቸው ሰዎች እንዴት ናቸው?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም። ከዚያ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ነው።

በመጨረሻም ስለ መዝገብ ጽፈን ራሳችንን ብንተው ያስተዛዝባል። በዚህች ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ያገኘ አንባቢ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን። ስማችንን ጠርተን፣ ስሕተቱን ዘርዝረን እናወጣዋለን።